ላቀው የሌለበት የላቀው ድንጋይ

ከሊል አባቦራ እንጨት ሲጠርብ ያየ ሰው፣ «ይሄ ሰውዬ እየሠራ ነው ወይስ እያባበለ?» ብሎ ይጠይቃል። ጅማ ውስጥ፣ ከሂርማታ ገበያ ወረድ ብሎ ባለችው አንድ በር ሱቁ ውስጥ ተቀምጦ፣ ከአንድ የዋንዛ ግንድ ሳይቀጥል ሳይለጥፍ፣ መደገፊያውም እግሩም አንድ አካል የሆነ የጅማ ወንበር ያወጣል። እግሩ ሦስት ነው። አራተኛ እግር የሚጠይቅ ደንበኛ ከመጣበት፣ «ለምን? ልትጋልበው ነው?» ይለዋል። አልፎ አልፎ በመቃብር ድንጋይ ላይም ስም ይቀርጻል፤ በዚህኛው ሥራው ግን ብዙም አይኮራም። ደንበኞቹ ተመልሰው መጥተው አያመሰግኑትማ!

አባቱም ይህንኑ ሲሠሩ ኖረው ይህንኑ ሲሠሩ ሞቱ። ሙያውን ሲያስተምሩት አንዲት ሕግ ነበረቻቸው፤ «ቅጠል ቅረጽ፣ ጨረቃ ቅረጽ፣ ሐረግ ቅረጽ። ዓይኑን የሚያርገበግብ ነገር ግን እንዳትነካ።» ምክንያቷንም ነግረውታል። ነፍስ ያለውን ነገር ምስል የሠራ ሰው በቂያማ፣ በፍርዱ ቀን፣ «በል እንግዲህ ነፍስ ዝራበት» ይባላል፤ መዝራት ደግሞ ከየት ይመጣል? ከሊል ይህቺን ነገር እንደ ተራ ምክር አልያዛትም። አንድ የሊሙ ሀብታም የአንበሳ ራስ ያለበት ወንበር ቢያዘው፣ «አንበሳውን ሌላ ቦታ አስቀርጸውና አምጣው፤ እኔ ከሥሩ ወንበር እሠራለታለሁ» ብሎ መልሶታል። ሰውየው እስከ ዛሬ አልመጣም።

እንግዲህ እንዲህ ባለ ሰው ላይ ነው የቀበሌው ሊቀመንበር ጓድ ላቀው የመጣበት።

ጓድ ላቀውን ለማያውቀው፣ በፊት የቡና መጋዘን ጸሐፊ የነበረ፣ ቁመቱ አጠር ያለ ሰው ነው። ጥቁር ጃንጥላ አለው። በዝናብ ይዘረጋዋል፣ በፀሐይ ይዘረጋዋል፣ ስብሰባ አዳራሽ ሲገባ አጥፎ ክንዱ ላይ ያንጠለጥለዋል። ሲራመድ ደግሞ ሁለቱ እግሮቹ እንደተጣሉ ወንድማማቾች አንዱ ወደ ቀኝ፣ አንዱ ወደ ግራ ነው የሚያዩት። ጃንጥላውንና እግሮቹን ያየ ሰው ከሩቅ ያውቀዋል፤ የሚሸሽም ካለ ጊዜ ያገኛል።

«ጓድ ከሊል፣» አለ ሱቁ በር ላይ ቆሞ፣ «የአብዮቱ አሥረኛ ዓመት ደርሷል። ሌላው ቀበሌ ሥዕል እያሳለ ነው፤ ሥዕል ደግሞ የጅማ ዝናብ ያጥበዋል። እኛ ቋሚ ነገር እንፈልጋለን። ድንጋይ! በድንጋዩ ላይ ታጋዩ ሊቀመንበር ሰፊውን ሕዝብ ሲመራ።»

«የትኛው ሊቀመንበር?»

«የቀበሌው ነዋ!»

«እርስዎን?»

«እኔ ስም ጠርቻለሁ?» አለ ላቀው፣ ክራቫቱን እያስተካከለ።

ከሊል ቀስ ብሎ፣ ሃይማኖቱ እንደማይፈቅድለት፣ ሐረግና ጨረቃ ከሆነ ግን የፈለገውን ያህል እንደሚቀርጽ አስረዳ። ላቀው እስኪጨርስ ሰማውና ሱቁን ከጣሪያ እስከ ወለል በዓይኑ ለካ። «ይህቺ ቤት የመንግሥት ናት አይደል? የኅብረት ሥራ ማኅበሩ መጋዘን አጥቶ ይሰቃያል። እስከ ጳጉሜ አስብበት።» ይህን ብሎ ጃንጥላውን ዘርግቶ ሄደ። ፀሐይም ዝናብም አልነበረም።

ማታ ከሊል እራቱን ሳይነካ ተቀመጠ። ሚስቱ ለጢፋ ከአጋሮ የመጣች፣ ምላሷ የማይታጠፍ ሴት ናት። ነገሩን ስትሰማ ደረቷን መታች። «ማል ጎና? ምን እናድርግ እንግዲህ? ቅረጸውና ተውበት ግባ፣ አላህ ይምርሃል!»

«ተውበት አያድነኝም። ለጢፋ፣ በቂያማ ቀን ላቀው ላይ ነፍስ ዝራ ልባል ነው! እስቲ አስቢው፣ ድንገት ብችልስ? ሁለት ላቀው ሊሆን ነው!»

«ያ ረቢ!» አለች ለጢፋ። «አንዱንም አልቻልነው!»

ሳቁ። ሳቃቸው ሲያልቅ ግን ሱቁ ያው ሊወሰድ ነው፤ አባቱ ዕድሜያቸውን የፈጁባት፣ ግድግዳዋ የዋንዛ ሽታ የጠጣ ሱቅ። ከሊል ከሷ ውጭ የሚያውቀው ሥራ የለም። ከእግዜር እንዳይጣላ ሱቁን ሊያጣ፣ ሱቁን እንዳያጣ ከእግዜር ሊጣላ ነው። እንቅልፍ በዓይኑ ሳይዞር ነጋ።

ከጓሯቸው ባለችው አንዲት ክፍል ውስጥ ሚስተር ካምብሌ የሚባል ሕንዳዊ የሒሳብ አስተማሪ ተከራይቶ ይኖራል። ጊንጆ ጉዱሩ ሰፈር የነበረበት ቤት ጣሪያው እያፈሰሰ ሲያሰለቸው ነው እነ ከሊል ጋ የገባው። ክፉ አይወጣውም። ጉንዳን ላለመርገጥ ብሎ ግቢውን እንደ ሰካራም እየተወላገደ ነው የሚያቋርጠው። ሥጋ የሚባል አይቀምስም። ለጢፋ በአረፋ ሥጋ ብትልክለት ለጎረቤት ድመት ሰጥቶ፣ «ድመቷ በጣም አመሰግናለሁ ብላለች» ብሎ ሳህኑን አጥቦ መለሰላት። ለጢፋ ሰውየው ሆዱን እንደሚያመው እርግጠኛ ናት።

የሚስተር መስኮት አልዘጋ ብሎ ከሊል ሊያስተካክልለት የገባ ዕለት ነው ነገር የመጣው። ከአልጋው ራስጌ አንድ ትልቅ ፎቶግራፍ ተለጥፏል፤ ጥርብ ድንጋይ ላይ የተቀረጸ ነገር። ሰው በሰው ላይ ተደራርቦ፣ መዳፉን አጋጥሞ፣ አጎንብሶ ይሰግዳል። ከሊል ወደ ኋላ ሸሸት አለ። በጣሪያዬ ሥር ጣዖት አስገብቼ ኖሯል! መዶሻውን አስቀምጦ ጣዖቱን መፈለግ ያዘ። ቢያይ፣ ቢያይ፣ የለም።

«ሚስተር፣ ይሄ ምንድን ነው?»

«የጥንት ድንጋይ ነው፣ ኦቦ ከሊል። ከሁለት ሺህ ዓመት በፊት በአገሬ የተቀረጸ። የቡድሃ ታሪክ ነው።» (በስሙ ሊቀልድ ያሰበ ካለ ቀልዱን ይዋጥ፤ ለጢፋ ቀድማዋለች።)

«ታዲያ ሰውየው የታለ?»

«ይኸው መሐል ላይ።»

«መሐል ላይ ዛፍ ነው ያለው።»

«ከዛፉ ሥር።»

«ከዛፉ ሥር ያለው ወንበር ነው። ባዶ ወንበር።»

«አዎ። እዚያ ላይ ተቀምጧል።»

ከሊል ዓይኑን አሸት አድርጎ ደግሞ አየ። ከዚያ በአዘኔታ ወደ ሚስተር ዞረ። «ሚስተር፣ ዛሬም ሥጋ አልበላህም አይደል?»

ሚስተር ካምብሌ ሳቀና አስቀምጦ አስረዳው። የመጀመሪያዎቹ ቀራጮች የታላቁን መምህራቸውን መልክ ድንጋይ ላይ አያወጡም ነበር። ወንበሩን ይቀርጻሉ፤ ከወንበሩ በላይ የክብር ጥላ ይዘረጋሉ፤ ከሥሩ የእግሩን ዱካ ያሳርፋሉ፤ አንዳንዴም መንኮራኩር ይጨምሩበታል። ያየ ሁሉ እሱ መሆኑን ያውቃል። ለምን እንዲህ እንዳደረጉ ሊቃውንት እስከ ዛሬ ይከራከራሉ፤ ከዚህ ዓለም ያለፈን ሰው ድንጋይ አይዘውም ብለው ነው የሚልም አለ። «በኋላ የመጡት ግን ፊቱን ቀረጹት፣» አለ ሚስተር፣ «ገደል የሚያህል አድርገው።»

«የፊተኞቹ ይሻላሉ!» አለ ከሊል ቆጣ ብሎ፣ የሁለት ሺህ ዓመት ጠበኛ እንዳገኘ ሰው። ከዚያ በጣቱ መቁጠር ያዘ። ዛፍ፣ ወንበር፣ ጥላ፣ የእግር ዱካ። ደግሞ አየው። መሐሉ ላይ ዓይኑን የሚያርገበግብ አንድም ነገር የለም! «አልሐምዱሊላህ!» ብሎ ጮኸና መስኮቱን እንደተከፈተ ትቶት ሮጠ።

ከሰቃ መንገድ ለስላሳ ድንጋይ በጋሪ አስመጣ። በሚሰግዱት ሰዎች ቦታ የቡና ዛፎች አቆመ፤ ፍሬ ከብዷቸው ግራና ቀኝ ያጎነበሱ። መሐል ላይ ወንበር። ወንበር ሲባል ከሊል አንድ ወንበር ብቻ ነው የሚያውቀው፤ ባለ ሦስት እግሩን ቀረጸው። ከላዩ ጃንጥላ፤ ለዚህማ ማሰብም አላስፈለገው። የቀረው የእግር ዱካ ነው።

«ጓድ ሊቀመንበር፣ እግርዎ ያስፈልገኛል፣» አለ ቀበሌ ሄዶ።

«እግሬን? ለምን?»

«ከእግር ነው የምጀምረው።» ውሸት አልተናገረም። የሚጨርሰውም በእግር መሆኑን ግን አልጨመረም።

ላቀው ደስ ብሎት መጣና ጫማውን እንዳደረገ እርጥብ ጭቃ ላይ ቆመ። የጫማው ላይኛው እንደ መስተዋት ያበራል። እሱ ከሄደ በኋላ ከሊል ጎንበስ ብሎ ዱካውን ሲያይ፣ የቀኙ መሐል ላይ አንድ ክብ ነገር አገኘ። ሶሉ ተበስቷል። ላቀው ቀዳዳውን በካርቶን ደፍኖ፣ ካርቶኑን ዙሪያውን በትናንሽ ሚስማር መትቶታል። አገር የሚያንቀጠቅጠው ሰው የሚሄደው በካርቶን ላይ ነው ለካ! ከሊል ሊስቅ ብሎ አልሆነለትም፤ አንጀቱን በላው። ይህ ሰው ከቀበሌው ወንበር ሌላ ምንም የለውም ማለት ነው። ያም ሆኖ ከሊል ያየውን መተው አያውቅምና ክቧንም ሚስማሮቿንም አንድ ሳያስቀር ቀረጻት።

ሥራው ሲያልቅ በመጀመሪያ ያየው ሚስተር ካምብሌ ነው። አፉን ከፍቶ ቀረ። «መንኮራኩሩ! ከእግሩ መሐል! ኦቦ ከሊል፣ የጥንቶቹም እዚሁ ጋ ነው የሚቀርጹት! ማን ነገረህ?»

«እግሩ ነው የነገረኝ፣» አለ ከሊል። ሚስተር በዚህ መልስ ሦስት ቀን ሲመሰጥ ከረመ።

ቀጥሎ ላቀው መጣ። ድንጋዩን በቀኝ አየው፣ በግራ አየው፣ ከኋላውም ዞሮ አየው። «እኔ የታለሁ?»

ከሊል መሮውን ማበስ ያዘ። ደግነቱ ሚስተር ካምብሌ እዚያው ነበር፤ በአገሩ እጅግ ታላቅ የሆነ ሰው ፊቱ እንደማይቀረጽ፣ ለብዙ መቶ ዓመታት አንድም ቀራጭ እንዳልደፈረው፣ በሙሉ ልቡ ተናገረ። ላቀው ጆሮው ቀላ። «አንድም አልደፈረም?»

«አንድም።»

«ትልቅ ነው ማለት ነው። እኔ እንኳ... ያው ፊት ቢኖረው ጥሩ ነበር። ከጎንም ቢሆን። ከሩብም ቢሆን።» ጎንበስ ብሎ የእግሩን ዱካ ሲያይ ደግሞ ፊቱ በራ። «ይሄ ጥርስ ያለው ክብ ነገር ኢንዱስትሪ ነው አይደል? ጎበዝ! ሠርቶ አደሩን አልረሳህም!» ከሊል መሬት መሬት አየ።

የበዓሉ ዕለት ድንጋዩ በቀይ ጨርቅ ተሸፍኖ ቀበሌው ፊት ለፊት ተተከለ። ዝናቡ ያካፋል። ከበላይ የመጣ ጓድ ወልደሰማያት የሚባል ሰው የክብር እንግዳ ነው፤ ከየትኛው በላይ እንደሆነ ማንም አልጠየቀም፣ ፊቱን ማየት ይበቃል። ጨርቁ ሲገለጥ ሕዝቡ አንገቱን እያሰገገ ተጠጋ። ከዚያ ጠላ ሻጯ ፋንቱ እነዚያን ወደ ቀኝና ወደ ግራ የዞሩ እግሮች አይታ፣ «ውይ በሞትኩት! ይሄ እኮ ላቀው ነው!» ብላ ጮኸች። ሕዝቡ በሳቅ ፈነዳ። ላቀው አልተቀየመም፤ ወደ ከሊል ዘንበል ብሎ፣ «አየህ? አወቁኝ!» አለው፣ ዓይኑ እንባ አቅርሮ።

ጓድ ወልደሰማያት ግን አልሳቀም። ወደ ድንጋዩ ቀረበ። «ዙፋን፣» አለ ቀስ ብሎ። «ከዙፋኑ በላይ የክብር ጥላ። ወንበሩ ባዶ ነው፤ ሰው እየጠበቀ ነው። ማንን ነው የሚጠብቀው? ማነው ተመልሶ መጥቶ እዚህ ላይ የሚቀመጠው?»

ሳቁ በቢላዋ እንደተቆረጠ ቀጥ አለ። በዚያ ዘመን የወደቀውን ንጉሥ ዙፋን ናፋቂ መባል ቀልድ አይደለም። እንግዲህ ከሊልን እዩት፤ ያ ሁሉ ጥንቃቄ፣ ሰው አልቀርጽም ብሎ፣ ንጉሥ ቀርጾ ተገኘ!

«ጓድ ላቀው! ዙፋኑ የማን ነው?»

ላቀው ለእንግዳው ክብር ያጠፈውን ጃንጥላ ከክንድ ወደ ክንድ አዛወረ። የንጉሥ ነው ቢል ያልቅለታል። የኔ ነው ቢል ራሱን ዙፋን ላይ ያወጣ ሊባል ነው፤ ያም ያልቅለታል። ላቡ ከዝናቡ ጋር ተደባልቆ ይወርድ ጀመር። ካርቶኑም ሳይርስ አልቀረም፤ ቀኝ እግሩን ከሥሩ ከተጠራቀመው ኩሬ ነጠል አድርጎ አንስቷል። ዓይኑን ወደ ከሊል ወረወረ።

አሁን ልብ በሉ። ከሊል እውነቱን መናገር ብቻ ነበረበት። «እሱ ነው ያዘዘኝ፤ የኔን ምስል አውጣ፣ አለዚያ ሱቅህን እነጥቃለሁ ያለኝ እሱ ነው» ቢል ላቀው የዚያኑ ዕለት ይታሰራል፣ ሱቁም ይተርፋል። ቃሉ ምላሱ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር። ግን ያቺ ከኩሬው የተነሳች እግር ዓይኑ ውስጥ ገባች።

«ጓድ፣ የኔ ነው፣» አለ ከሊል።

«የአንተ? ዙፋን?»

«ምን ዙፋን አለኝ ጌታዬ! ወንበር ነው። ወንበር ሠሪ ነኝ፤ ሌላ የማውቀው የለም። እግሩን ይቁጠሩት እስቲ። በሦስት እግር ወንበር የተቀመጠ ንጉሥ ሰምተው ያውቃሉ?»

ወልደሰማያት ጎንበስ ብሎ ቆጠረ። «ሦስት ነው፣» አለ፣ ቅር እያለው። «ጥላውስ?»

«የጅማ ዝናብ ነዋ! ለእርስዎም ይኸው ተይዞልዎት የለ?» ወልደሰማያት ቀና ሲል እውነትም አንድ ሰው ከኋላው ጃንጥላ ይዞለታል። ከሕዝቡ መሐል አንድ ሁለቱ አፋቸውን ያዙ።

«እሺ። የእግር ዱካውስ የማን ነው?»

ይህቺኛዋ ከባድ ናት። ሕዝቡ ሁሉ የማን እንደሆነ ያውቃል። ከሊል ድንጋዩን በመዳፉ አበስ አደረገ።

«የደንበኛ ነው፣» አለ። «ወንበር ሊገዛ መጥቶ፣ ዋጋውን ሲሰማ የሄደ።»

ፋንቱ አፏን በሁለት እጇ አፈነች። ከዚያ ከወልደሰማያት ሆድ ውስጥ አንድ ነገር ገነፈለ፤ ሳቅ ነው! ሰውየው ሳቀ፣ አሳለው፣ ጃንጥላ ያዡን ትከሻ ይዞ ሳቀ። ሕዝቡም የታፈነውን ሁሉ ለቀቀው፤ ፋንቱማ መሬት ላይ ተቀመጠች። «እውነት ነው ጓድ ላቀው? ደንበኛ ነው?» ሲል ጠየቀ ወልደሰማያት፣ ዓይኑን እየጠረገ።

«አዎ፣» አለ ላቀው። ድምፁ አይሰማም ነበር። «ደንበኛ ነው።»

ወልደሰማያት እንዲህ ያለ የእደ ጥበብ ማስታወቂያ ቀበሌ ፊት ምን ይሠራል፣ ሠሪው ሱቅ በር ላይ ይተከል ብሎ አዘዘ። እንግዲህ በበላይ ትእዛዝ ድንጋይ የተተከለበትን ሱቅ ማን ይነካዋል? ለጢፋ የዚያን ቀን ሰፈሩን በእልልታ አናጋችው። ሚስተር ካምብሌም ድመቷን ጨምሮ ለሁሉም ብስኩት አደለ።

በማግስቱ ረፋድ ላይ ላቀው ወደ ሱቁ መጣ። ከሊል ሊነሳለት ሲል በእጁ ከለከለውና አንዱ ወንበር ላይ ተቀመጠ። መደገፊያውን በመዳፉ ዳሰሰ።

«ደንበኛ ነው አልክ።»

«ምን ልበል ጓድ ሊቀመንበር? ሌላ አልመጣልኝም።»

«አይደለም፣ አተረፍከኝ። አውቃለሁ።» ጃንጥላውን ጉልበቱ ላይ አጋደመው። «እናቴ ስትሞት ፎቶ አልነበራትም። አንድም። አሁን ፊቷን ላስታውስ ስል ነጠላዋ ብቻ ነው የሚመጣልኝ። እኔ ደግሞ ሚስትም ልጅም የለኝም። ድንጋይ አይረሳም ብዬ ነበር።» ሊስቅ ሞከረ። «እሱም ሕዝብ ፊት አላውቅህም አለኝ። እኔም አላውቀውም አልኩ።»

ከሊል ወደ ጫማው አየ። የዚህን ሰው ጫማ ከነሚስማሩ ቆጥሮ ያውቃል፤ ፊቱን ግን ከፍርሃቱ ብዛት አንድ ቀን እንኳ ደህና አድርጎ አላየውም። መሮውን ከእጁ አስቀመጠና ወንበሩን ወደ ላቀው አስጠጋ።

«ቀና ይበሉ፣» አለው።

«ለምን? ልትቀርጸኝ ነው?»

«አልቀርጽም። ላይዎት ነው። ዕድሜ ከሰጠኝ ፊትዎ አይጠፋኝም።»

ላቀው አንገቱን ቀና አደረገ። ኮሌታውን ጎተተ፣ ፀጉሩን በመዳፉ ለጠፈ፣ ትንሽ አሰበና ፊቱን ወደ ብርሃኑ መለስ አደረገ። «በዚህ በኩል ይሻለኛል፣» አለ። ከሊልም ሁለት እጆቹን ጉልበቱ ላይ አድርጎ፣ ለጢፋ ያመጣችው ሻይ እስኪቀዘቅዝ ድረስ አየው።